ስም አልባዎቹ ሦስት ሺህ ፊደላት

ታይናን ከተማ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ አሮጌ የገበያ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ገመድና ሶኬት መሸጥ ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት አልፎኛል። አሥራ አራቱን ዓመት ጎረቤቴ እትዬ ጂየን ናት። በሱቆቻችን መካከል ያለው ግድግዳ ከካርቶን ብዙም አይወፍርም፤ እሷ ስታስነጥስ «ይማርሽ» የምላት እኔ ነኝ። እኔ ከደንበኛ ጋር ድምፄን ከፍ ሳደርግ ደግሞ «አንተ ፔንግ፣ ቀስ በል፤ እዚህ በሽተኛ አለ!» የምትለኝ እሷ ናት። በሽተኛ የምትለው የተበላሸ የኮምፒውተር ዲስክ ነው።

ጂየን ይህን ሙያ ከትምህርት ቤት አላመጣችውም። በወጣትነቷ ዲስክ በሚመረትበት ፋብሪካ ገብታ፣ ከዓይኗ በቀር ሁለመናዋ በነጭ ልብስ ተሸፍኖ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ፋብሪካው ተዘግቶ ሥራው ባሕር ተሻግሮ ሲሄድ የሥራ ጓደኞቿ ምግብ ቤት ከፈቱ፣ ልብስ ሰፉ፣ ልጅ አሳደጉ። እሷ ግን «ሲወለዱ አይቻቸዋለሁ፤ ሲታመሙስ ማን ያያቸዋል?» ብላ እዚህ ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነች ሱቅ ውስጥ ተቀመጠች። ሌላው ባለሙያ ሁሉ «አበቃለት» ያለውን ዲስክ ሰዎች ይዘው ወደ እሷ ይመጣሉ። ሁሉንም አታድንም፤ የማትችለውን «አልችልም» ትላለች። የምትችለውን ግን ስትሠራ ላየ ሰው፣ ሙያ ማለት ምን እንደሆነ ይገባዋል። እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት በግንቦት ወር፣ ዝናቡ ሳያባራ ሳምንት በያዘበት ሰሞን፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት አዛውንቶች ደረጃውን ወጥተው መጡ። ሽማግሌው ፊት ፊት ይሄዳሉ፤ ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተዋል። ባለቤታቸው ከኋላ የገበያ ጋሪ ይጎትታሉ። ጋሪው ላይ በፎጣ የተጠቀለለ የጠረጴዛ ኮምፒውተር አለ። ላግዝዎት ብዬ ብነሳ ሴትዮዋ እጃቸውን አወናጨፉ።

«ተወኝ ልጄ፣ ማንም አይንካው። ዲስክ የምታድነው ሴት የቷ ናት?»

ወደ ጎረቤቴ አመለከትኳቸው። ግድግዳው ስስ ስለሆነ የቀረውን ሳልፈልግም ሰማሁ። ቆይቼ ደግሞ ፈልጌ፣ በርጩማዬን ይዤ በሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ሽማግሌው መምህር ኬ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለተማሪዎች የብሩሽ ጽሕፈት ሲያስተምሩ ኖረዋል። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ አንድ ሥራ ብቻ ይዘው ነበር፤ ከአያቶቻቸው የመጣውን የእጅ አጣጣል ማንም ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ሊጽፍበት የሚችል ፊደል ማድረግ። የእኛ የቻይንኛ ፊደል ደግሞ በጣት የሚቆጠር አይደለም። አሥራ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ፊደላት፣ እያንዳንዱ በብሩሽ ተጽፎ፣ በስካነር ተነሥቶ፣ ጠርዙ ተስተካክሎ። አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ዩዬ የትምህርት ቤት ነርስ ነበሩ። የስካነሩ ሥራ የእሳቸው ነው። ስካነሩ አሮጌ ስለሆነ በዊንዶውስ ብቻ ይሠራል። አንሥተው ከጨረሱ በኋላም ጠዋት ጠዋት በዚያው ሥዕሎቹን ከአቧራ ነጥብ ያጸዳሉ። መምህሩ ጠርዝ የሚያስተካክሉበት ፕሮግራም ደግሞ ሊኑክስ በሚባለው ሌላ ሥርዓት ነው የለመዱት። ስለዚህ አንዱ ኮምፒውተር ሁለቱንም ይዟል፤ ሲነሣ «የትኛውን ልክፈት?» ብሎ ይጠይቃል። ዲስኩ ሦስት ቦታ ተከፍሏል፤ አንዱ ለዊንዶውስ፣ አንዱ ለሊኑክስ፣ ሦስተኛው ሁለቱም የሚገቡበት የጋራ መጋዘን። ፊደላቱ ሁሉ ያሉት መጋዘኑ ውስጥ ነው።

«ባለፈው ዓርብ ስከፍተው» አሉ ወይዘሮ ዩዬ፣ «ዲስኩ ስሕተት አለበት፣ ላጣራው አለኝ። እሺ አልኩት። ሲጨርስ መጋዘኑ ባዶ ነበር። 'ፎርማት ላድርገው፣ ጠርጌ እንደ አዲስ ላዘጋጀው?' ብሎ ጠየቀኝ።»

«አደረጉት?» አለች ጂየን።

«ምን በወጣኝ! ዓይኔን ጨፍኜ ነቀልኩት።»

«እንዲያ ነው ነርስ!» አለች ጂየን።

መምህሩ ግን ፊታቸው አልተፈታም። «እሷ ነች የነካካችው» አሉ ወደ ግድግዳው እያዩ። «አንድ ነገር ሳትጫን አልቀረችም። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼበት ምንም ሆኖብኝ አያውቅም።»

ወይዘሮዋ ፎጣውን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ወረቀቶቹስ?» አለች ጂየን። «በብሩሽ የጻፉባቸው?»

«ከአራት ዓመት በፊት በአውሎ ነፋሱ ጊዜ ምድር ቤቱን ጎርፍ ሞላው። አንድም አልተረፈም።» መምህሩ ይህን ሲሉ ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። እጁ ይንቀጠቀጣል። ቀስ ብሎ ሳይሆን፣ በወባ እንደታመመ ሰው። «ይሄ ከመጣብኝ ደግሞ ሦስት ዓመቱ ነው። ጠርዝ ማስተካከሉን እንደ ምንም እወጣዋለሁ፤ ብሩሽ ግን አልይዝም። አሁን ገባሽ?»

ጂየን ገባት።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ለሐኪምና ለእኔ አይዋሽም። ከዓርብ ወዲህ ዲስኩን ምን አደረጉት?»

«ምንም።»

«ምንም?»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ታች ያለ ሱቅ ወስጄው ነበር። ፎርማት አድርገው አሉኝ፤ ትቼያቸው ወጣሁ። ከዚያ ቤት ወስጄ ... ክፍሎቹን የሚያሳየውን ፕሮግራም ከፍቼ፣ መጋዘኑን ሰርዤ እንደገና ለመክፈል ሞከርኩ። ልኩ አልመጣልኝም። ሦስት ጊዜ ያህል።»

«ይሄን ለእኔ አልነገርከኝም!» አሉ ወይዘሮ ዩዬ።

«አሁን ሰማሽ አይደል።»

«እንዴት ያለ ሽማግሌ ነው!»

ጂየን መሐል ገባች። «ከሰረዙ በኋላ አዲስ ነገር ጽፈውበታል? ፎርማትስ?»

«በፍጹም።»

«እንግዲያው ድንበሩን ነው ያጠፉት፤ መሬቱ አልታረሰም። ተስፋ አለ። ምን ያህል እንደሆነ ግን ዛሬ አልናገርም።»

በዚያ ቀን የሠራችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ፈትታ አወጣችው፤ መጻፍ በሚከለክል መሣሪያ በኩል አገናኝታ ሌላ ባዶ ዲስክ ላይ፣ ከመጀመሪያዋ ነጥብ እስከ መጨረሻዋ፣ የተሠራበትንም ያልተሠራበትንም ቦታ ሳትለይ መገልበጥ ጀመረች። ዋናውን በፍጹም አትነካውም። በተገለበጠው ላይ ብትሳሳት ሌላ ትገለብጣለች፤ በዋናው ላይ ከተሳሳተች ግን ይቅርታ የሚባል ነገር የለም።

«ሙሉ ቀን ለመገልበጥ?» አሉ መምህሩ።

«እርስዎ አንዷን ፊደል ስንት ቀን ይጽፉ ነበር?» አለቻቸው። እኔ በሳቅ ልሞት ነበር።

ወደ ቤት ሂዱ ብትላቸው እምቢ አሉ። እኔ ጋ መጥተው የገመድ ጥቅል ላይ ተቀመጡ። በምሳ ሰዓት ከታች የዓሣ ገንፎ አመጣሁላቸው። ወይዘሮ ዩዬ የባላቸውን ሳህን በግራ እጃቸው ደግፈው ያዙላቸው፤ መምህሩም እንደማያይ ሰው ዝም ብለው በማንኪያ በሉ። ከጠዋቱ ጭቅጭቅ በኋላ እስኪመሽ ድረስ ሁለቱም አንድ ቃል አልተለዋወጡም።

በማግስቱ ጂየን የድንበሩን ሥራ ያዘች። ያ ዲስክ ክፍሎቹ ከየት ተነሥተው የት እንደሚያልቁ የሚናገር አንድ ሰንጠረዥ መጀመሪያው ላይ አለው። መምህሩ ሦስት ጊዜ ቀያይረውት ሰንጠረዡ አሁን የሚናገረው ውሸት ነው። ይህን አውቶማቲክ በሆነ ፕሮግራም የሚያስተካክሉ ሞልተዋል። ጂየንም ፕሮግራሙ አላት፤ አስነሣችው። ሁለት የተለያየ መልስ ሰጣት። እኔ ብሆን አንዱን እመርጥ ነበር። እሷ ግን ዘግታው፣ ካለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ በእርሳስ ቁጥር መጻፍ ጀመረች።

«ምን እየፈለግሽ ነው?» አልኳት።

«የመጋዘኑን የመጀመሪያ ገጽ። ይሄ ገጽ ተበላሽቷል፤ ግን የሠሩት ሰዎች ብልሆች ናቸው። ግልባጩን በክፍሉ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ። መጨረሻውን ካገኘሁ ገጹ ራሱ መጀመሪያው የት እንደሆነ ይነግረኛል።»

«መጨረሻው የት ነው?»

«እሱን ባውቅማ እዚህ ቁጭ ብዬ እርሳስ አልቀርጽም ነበር!»

ቁጥሮቹን ከስክሪኑ እያነበበች፣ እየደመረች፣ እየቀነሰች አራት ሰዓት ያህል ቆየች። ጀርባዋን አላስደገፈችም። ሻይዋ ቀዝቅዞ ላዩ ላይ ሽፋን ሠራ። ለሌላ ደንበኛ «ነገ ና» እያለች መለሰች። ከዚያ በድንገት እርሳሱን አስቀመጠች፤ አንድ ረድፍ ላይ ጣቷን አደረገች። ግልባጩ ተገኝቷል። ከላይ ያሉት ሁለቱ የፕሮግራሙ መልሶች ሁለቱም ስሕተት ነበሩ፤ አንዱ በጥቂት፣ አንዱ በብዙ የሳተ።

ድንበሩን በተገለበጠው ዲስክ ላይ በእጇ አስገብታ ሲከፈት፣ ማውጫዎቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። መምህር ኬ ስክሪኑ ላይ ተደፉ። ወይዘሮ ዩዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ጂየን ቆጠራውን አየች። «ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ ሰማንያ ስምንት» አለች። «ስማቸውም ቦታቸውም በትክክል ተመልሷል።»

«የቀሩትስ?» አሉ መምህሩ። «ሦስት ሺህ ከምናምን ይጎድላል።»

«ሦስት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሁለት። እነሱ ከመዝገቡ ላይ ተፍቀዋል። ይሄ ደግሞ በእርስዎ ድንበር መቀያየር የመጣ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ነው። አሁን ሁለታችሁም ስሙኝ። እትዬ ዩዬ፣ ጠዋት ሥራዎን ሲጨርሱ ኮምፒውተሩን እንዴት ነው የሚያጠፉት?»

«አላጠፋውማ። እንቅልፍ የሚለውን ነው የምጫነው። በነጋታው ቶሎ ይነሣልኛል፤ የከፈትኩትም እንደተከፈተ ይቆየኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥር ወዲህ።»

መምህሩ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «አላልኩም?»

«ቆይ መምህር፣ እርስዎ ጋ አልደረስኩም» አለች ጂየን። «ከሰዓት በኋላ በሊኑክስ ሲገቡ፣ መጋዘኑን ለመክፈት እምቢ ብሎዎት አያውቅም?»

ሽማግሌው እጃቸውን መልሰው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

«'ይሄ ክፍል ሌላው ስርዓት ተኝቶበታል፣ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይቻልም' የሚል ነገር?»

«ይላል» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ... የሚያስገድደውን ትእዛዝ እጽፍና እከፍተዋለሁ። ሁልጊዜ ይከፈታል።»

«ይኸው። ቤት ውስጥ ሰው ተኝቷል፤ ማስጠንቀቂያው ተነግሮዎታል፤ እርስዎ ግን ገብተው ዕቃውን ሁሉ አዟዟሩት። የተኛው በነጋታው ሲነቃ ትናንት በሚያውቀው ቤት ውስጥ ነው የሚሄደው። የድሮውን መዝገብ በአዲሱ ላይ ጻፈበት። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ፣ አምስት ወር ሙሉ። እሳቸው ማስተኛታቸው ብቻውን ጉዳት አልነበረውም፤ የእርስዎም መክፈት ብቻውን ጉዳት አልነበረውም። ሁለታችሁ ተጋግዛችሁ ነው።»

ይህን ስትናገር ድምፅዋ ውስጥ ቁጣም ማባበልም አልነበረም። ብዙ ባለሙያ አይቻለሁ፤ ደንበኛውን ለማስደሰት ጥፋቱን እዚያ ወደሌለ ሰው የሚያዞር፣ ወይም ደግሞ አዋቂነቱን ለማሳየት ሰውን የሚያዋርድ። እሷ ግን ነገሩን ልክ በልኩ አስቀመጠችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከመዝገብ የተፋቀ ፋይል ጠፋ ማለት አይደለም። የፊደሉ ሥዕል ዲስኩ ላይ አንድ ቦታ ወድቆ ሊሆን ይችላል፤ የጠፋው ስሙና አድራሻው ነው። ጂየን የእነዚያን ሥዕሎች አጀማመር ታውቀዋለች፤ ከተመለሱት ውጭ በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ እያሰሰች፣ እንደዚያ የሚጀምረውን እየለቀመች ማውጣት ጀመረች። ሐሙስ ጠዋት አሥራ አንድ ሺህ የሚሆኑ ሥዕሎች ተሰልፈው ቆዩን። ስም የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ።

መምህሩ መጀመሪያ ተደሰቱ። ፊደልን አይቶ ማን እንደሆነ ማንበብ ለማን ይከብዳል? ወዲያው ግን ፊታቸው ጠቆረ። አንዱ ፊደል አራት፣ አምስት፣ አንዳንዱ ሰባት ጊዜ አለ። የተጣሉ ሙከራዎች፣ ከዓመታት በፊት የተሰረዙ ረቂቆች ሁሉ ከመቃብር ተነሥተው መጥተዋል። ከሦስት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሁለቱ ፊደላት የእያንዳንዱ የመጨረሻው የትኛው ነው? ልዩነታቸው ለእኔ ዓይን ፈጽሞ አይታይም።

መምህሩ አንዱን መረጡ። «ይሄ ነው።»

«አይደለም» አሉ ወይዘሮ ዩዬ።

ከማክሰኞው ጭቅጭቅ ወዲህ ለባላቸው የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። መነጽራቸውን አደረጉ፤ ወደ ስክሪኑ ቀረቡ።

«ይሄን የጻፍክ ቀን ቀለሙ ቀጥኖብህ ተናደሃል። ማግስቱን እንደገና ጻፍከው። ይኸኛው ነው። የግራው ጭረት ጫፉ ላይ ይሰበሰባል፤ እየው።»

«እንዴት ታስታውሺዋለሽ?»

«እኔ ነኛ ያነሣሁት! ወረቀቱን በእጄ አስተካክዬ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ አንድ በአንድ። አንተ ጽፈህ ትነሣለህ፤ እኔ ደግሞ እያየሁት እቀመጣለሁ።»

መምህሩ ሌላ መረጡ፤ ወይዘሮዋ እንደገና ወደ ሌላ አመለከቱ። እየተስማሙም እየተለያዩም ብዙ ፊደላት ካለፉ በኋላ እንደገና ሊከራከሩ ሲሉ ጂየን ሥዕሎቹን ከፈተቻቸው። በአንዳንዶቹ ውስጥ የተቀመጡበት ቀን ተጽፎ ቀርቷል። ለሰዎቹ ሳታሳይ ሃያዎቹን መርምራ ነበር።

«ቀን ካላቸው ሃያዎቹ ውስጥ» አለች፣ «እትዬ ዩዬ ሃያውንም ትክክል መርጠዋል። መምህር አሥራ ሦስት።»

ሽማግሌው ረጅም ጊዜ ባለቤታቸውን አዩ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ፤ እሳቸው የነበሩበትን ቦታ ለቀቁላቸው።

«አሥራ አንድ ዓመት» አሉ፣ «ስካነር ብቻ የምትጫኚ መስሎኝ ነበር። ይቅር በይኝ። ስለ ዓርቡም፣ ስለዚህም።»

«ዝም በል፤ አሁን ሥራ አለ» አሉ ወይዘሮ ዩዬ። ግን ጆሯቸው ድረስ ቀልተው ነበር።

ሥራው ስድስት ቀን ፈጀ። ጠዋት ሲከፈት ይመጣሉ፣ ማታ ሊዘጋ ሲል ይሄዳሉ። ወይዘሮዋ ይመርጣሉ፣ መምህሩ የፊደሉን ስም ይጠራሉ፣ ጂየን ትጽፋለች፤ እጇ ለአፍታም አይሰለችም። ስትደክም አንገቷን ወዲህና ወዲያ ታዞራለች እንጂ አትቸኩልም። በሦስተኛው ቀን እኔም ሱቄን ከፍቼ ትቼ ውሃ አመላላሽ ሆንኩ። ከፎቁ ላይ ያሉት ነጋዴዎች በየተራ ብቅ እያሉ «ዛሬ ስንት ደረሰ?» ይሉ ነበር፤ እንደ ኳስ ውጤት።

መጨረሻ ላይ አርባ አንድ ፊደላት አልተገኙም። ጂየን ሁለት ጊዜ ደግማ አሰሰች። ከዚያ «መምህር፣ እነዚህ ሌላ ነገር ተጽፎባቸዋል። አልችልም» አለች። አንድም ማስተባበያ አልጨመረችም። ሽማግሌው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሷት፤ እሷ ደንግጣ ከወንበሯ ተነሣች።

አርባ አንዱን ባልና ሚስት ቤታቸው ሠሯቸው። የእኛ ፊደል ከክፍሎች የተገጣጠመ ነው፤ ከአንዱ ፊደል ግራውን፣ ከሌላው ቀኙን ወስደው ያጋጥሙታል። የትኛው ክፍል ከየትኛው ጋር ቢገጥም የመምህሩን እጅ እንደሚመስል የሚወስኑት ወይዘሮ ዩዬ ነበሩ። መምህሩ እየነገሩን ሳለ «ስምንት ጊዜ እምቢ ብላኛለች» አሉ፤ ሲናገሩት ግን ኩራት ነበረባቸው።

ፊደሉ በመከር አለቀ። የመጀመሪያውን የታተመ ወረቀት ይዘው ሲመጡ ከታች ሁለት ስም ተጽፎበታል፤ የወይዘሮዋ ከላይ ነው። ጂየን መነጽሯን አጽድታ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየችው። ምን ትላለች ብለን ሁላችን እንጠብቃለን።

«የት የት አስቀመጣችሁት?» አለች።

ወይዘሮ ዩዬ ከቦርሳቸው አንድ ትንሽ ዲስክ አወጡ። «ይሄ አንዱ። አንዱ ጂያዪ ከተማ እህቴ ቤት ነው። አንዱ ከቤታችን ሁለተኛ ፎቅ፣ ጎርፍ ከማይደርስበት።»

በጂየን ፊት ላይ በዚያ ሁሉ የሥራ ሳምንት ያላየሁትን ፈገግታ ያን ጊዜ አየሁት።

አሁን ወይዘሮ ዩዬ በወር አንዴ ሁለቴ ዓሣ ይዘው ይመጣሉ። ሁለቱ ሴቶች ስለ ዲስክ አያወሩም፤ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ባሕሩ ሙላት ሰዓት፣ ማን ማንን እንዳገባ ነው። መምህሩ ደግሞ እኔ ጋ ይቀመጡና ቼዝ እንጫወታለን። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ጠጠሩን የማንቀሳቅስላቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸው በአገጫቸው ያመለክታሉ። እስካሁን አንድ ጊዜም አላሸነፍኳቸውም።